ምዕራፍ ሰባት፦ ፈንጂው የት ይደር?

ኦክቶበር 2 ቀን 1874 ሊነጋጋ ሲል፣ ከለንደን የተነሱ የጭነት ጀልባዎች በአንዲት የእንፋሎት ጀልባ እየተጎተቱ በሪጀንት ቦይ ላይ ወደ መካከለኛው እንግሊዝ ያቀኑ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከመካከላቸው ቲልበሪ የምትባለው ስኳር፣ ለውዝ፣ ጥቂት በርሜል በቀላሉ የሚተን ነዳጅ፣ በዚያ ላይ አምስት ቶን ያህል ባሩድ ጭናለች። ነዳጁ ከበርሜሉ እየተነነ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ ተጠራቀመ፤ በሠራተኞቹ ጠባብ ክፍል የነበረው እሳት አገኘውና ተቀጣጠለ። ያን ጊዜ ጀልባዋ ማክልስፊልድ በተባለው ድልድይ ሥር ደርሳ ነበር። ባሩዱ ፈነዳ፤ ሦስቱ ሠራተኞች ሞቱ፤ ድልድዩ ፈራረሰ፤ በአካባቢው ያሉ ቤቶች መስኮታቸው ረገፈ። የታዋቂው ሠዓሊ የሎውረንስ አልማ ታዴማ ቤትም ከተጎዱት አንዱ ነው። ቦዩ በዚያ ሥፍራ በጥልቅ የተቆፈረ ስለሆነ የግራና የቀኙ ዳገት የፍንዳታውን ኃይል ያዘው እንጂ ጉዳቱ ከዚህም በባሰ ነበር።

ድልድዩ እንደገና ሲሠራ የድሮዎቹ የብረት ምሰሶዎች ተመልሰው ቆሙ፤ ግን ፊታቸውን አዙረው። የጀልባ መጎተቻ ገመድ ለብዙ ዓመት እየፈተገ ያወጣው ጭረት በአንዱ ጎናቸው፣ ከፍንዳታው በኋላ የወጣው በሌላው ጎናቸው ይታያል። ለንደን ያለ አንባቢ ከእንስሳት ማቆያው አጠገብ ሄዶ በጣቱ ሊዳስሰው ይችላል።

የአሟሟቱን ጉዳይ የመረመረው ሸንጎ የቦዩን ኩባንያ በከባድ ቸልተኝነት ወቀሰ፤ በሥራ ላይ ያለው ሕግም ሕዝቡን ለመጠበቅ አይበቃም አለ። እውነት ነበረው። እንግሊዝ የባሩድ ሕግ አጥታ አታውቅም፤ ከ1772 ጀምሮ ነጋዴ ከ200 ፓውንድ፣ ነጋዴ ያልሆነ ደግሞ ከ50 ፓውንድ በላይ ባሩድ እንዳያስቀምጥ ተደንግጎ ነበር። ይህ ግን የጥቁር ባሩድ ዘመን ሕግ ነው። በ1860ዎቹ ናይትሮግሊሰሪን መጣ፤ እንደ ዘይት የሚፈስ፣ ሲነቃነቅ የሚቆጣ፣ ባሕርይውን ደህና አድርጎ የሚያውቅ ሰው የሌለው ፈንጂ። በ1864 ስቶክሆልም ውስጥ የአልፍሬድ ኖቤልን ታናሽ ወንድም ኤሚልን ጨምሮ አምስት ሰዎች ገደለ፤ ከዚያ በኋላ በከተማው ክልል ውስጥ መሥራት የተከለከለው ኖቤል ሥራውን በሐይቅ ላይ ወደቆመ ጀልባ አዛወረ። በ1866 ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የዌልስ ፋርጎ ቢሮ ፈሳሽ የሚያንጠባጥብ ሣጥን ደረሰ፤ ምን እንዳለበት ለማየት ሊከፍቱት ሲሞክሩ ፈንድቶ 15 ሰዎች ሞቱ። በ1867 ማብቂያ ደግሞ ኒውካስል መሀል ከተማ ምድር ቤት ውስጥ ናይትሮግሊሰሪን ተገኘ፤ የከተማው ሹማምንት ከሕዝብ አርቀው ሊያስወግዱት ሜዳ ላይ ይዘውት ወጡና ፈንድቶ የከተማውን ሸሪፍ ጆን ማውሰንን ጨምሮ በርካታ ሰዎች አለቁ።

ሦስቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ገዳይ ሐሳብ ያለው ሰው በአንዱም ውስጥ የለም። ፈንጂው የቆመው መቆም በማይገባው ቦታ ነው፤ በአጠገቡ ያሉት ሰዎችም ባሕርይውን ደህና አድርገው አያውቁም። ስለ ፈንጂ ሕግ ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው ማን ይያዘው የሚለውን ነው። የሕጉን ገጾች ብትገልጡ ግን የሚበዙት ስለ ቦታ፣ ስለ ርቀትና ስለ ቆጠራ የሚናገሩት ናቸው። ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረውም እዚያ ላይ ነው።

የጎረቤት አቤቱታ

ከቲልበሪ ፍንዳታ በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1875 የብሪታንያ ፓርላማ የፈንጂ አዋጅን አወጣ። ከአዋጁ ጀርባ የነበረው ሰው ቪቪያን ዴሪንግ ማጀንዲ ይባላል፤ የመድፈኛ መኮንን ነው፤ ከ1871 ጀምሮ በ1898 እስኪሞት ድረስ የመንግሥቱ ዋና የፈንጂ ተቆጣጣሪ ሆኖ አገልግሏል። የሪጀንት ቦዩን አደጋ የመረመረውም እሱ ነበር። ፋብሪካዎችን እየዞረ ያያል፤ አደጋ ሲደርስ ስፍራው ድረስ ይሄዳል፤ ምን ከምን አጠገብ እንደነበረ፣ በሩ በየት በኩል እንደተከፈተ፣ ሠራተኛው ምን ጫማ እንዳደረገ ይጽፋል። አዋጁን የሚያነብ ሰው ይህ ዓይን ይሰማዋል። ፈንጂ በሚሠራበት ክፍል የተጋለጠ ብረት እንዳይኖር፣ የሠራተኛው ልብስ ኪስ አልባ እንዲሆን (ክብሪት የሚደበቀው ኪስ ውስጥ ነውና)፣ ሲገባ እንዲፈተሽ፣ ጫማው ለሥራው የሚስማማ እንዲሆን ይላል። ባሩድ በመንገድ ላይ እየዞሩ መሸጥ ክልክል ነው። ሲያዩት 13 ዓመት ያልሞላው ለሚመስል ልጅ መሸጥም ክልክል ነው። የመጨረሻው ድንጋጌ ያኔ ምን ይደረግ እንደነበር በራሱ ይናገራል፤ ማንም ያላደረገውን ነገር ሕግ አይከለክልምና።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የፈቃድ አሰጣጡ ነው። ፋብሪካ ወይም ትልቅ የፈንጂ መጋዘን ሊያቋቁም የፈለገ ሰው ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ የሚያቀርበው ባዶ ማመልከቻ አይደለም፤ የፈቃዱን ረቂቅ ራሱ ጽፎ፣ በልኬት የተሠራ የቦታውን ፕላን አያይዞ ነው። በረቂቁ ላይ እያንዳንዱ ሕንፃ ምን እንደሚሠራበት፣ ስንት ፓውንድ ፈንጂ እንደሚይዝ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚገባበት፣ ከሌላው ሕንፃና ከውጭው መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ ይዘረዘራል። ሚኒስትሩ ከተስማማ በኋላ አመልካቹ ወደ አካባቢው አስተዳደር ይሄዳል፤ አስተዳደሩ ማስታወቂያ አስወጥቶ ጉዳዩን በግልጽ ይሰማል። የመሬቱ ጎረቤት፣ የወፍጮው ባለቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ማንም ተነስቶ ይህ መጋዘን ከበሬ ላይ አይቁም ማለት ይችላል። አስተዳደሩ እምቢ ካለ አመልካቹ ይግባኝ ይላል።

አዋጁ ከዚህ በታች ላሉትም ቦታ አበጅቷል። አነስ ያለ መጋዘን ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ይወስዳል፤ ትንሽ ባሩድ የሚይዝ ባለሱቅ ግን ሱቁን ማስመዝገብ ይበቃዋል። መጠኑ ባደገ ቁጥር ጠያቂው ይበዛል፤ ይህ መሰላል ዛሬም አልፈረሰም። በብሪታንያ የድሮው አዋጅ አብዛኛው ክፍል ቢተካም፣ በ2014 በወጣው የፈንጂ ደንብ አሁንም ትልቁን ክምችት የሚፈቅደው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ትንሹን የአካባቢው ባለሥልጣን ይፈቅዳል፤ ፈንጂ ገዝቶ የሚይዘው ሰው ደግሞ ከፖሊስ የምስክር ወረቀት ያወጣል። ቦታውና ሰውየው በሁለት የተለያዩ በሮች ይፈተሻሉ ማለት ነው።

ክፉ ሐሳብ ወደ ሕጉ የገባው ዘግይቶ፣ በ1883 ነው። የአየርላንድን ነፃነት የሚሹ ቡድኖች ለንደን ውስጥ ደማሚት ማፈንዳት ሲጀምሩ፣ ፓርላማው የፈንጂ ነገሮች አዋጅን በአንድ ቀን ውስጥ አጣድፎ አሳለፈ። አዲሱ ሕግ የማስረዳቱን ሸክም አዞረው፦ በሚያጠራጥር ሁኔታ ፈንጂ የያዘ ሰው ለሕጋዊ ዓላማ መያዙን ማስረዳት ያለበት እሱ ራሱ ሆነ። የ1875ቱ ዓመታት የፈጀ የምርመራ ፍሬ ነው፤ የ1883ቱ የአንድ ሳምንት ድንጋጤ ልጅ። የሁለተኛው አዋጅ ዋና ድንጋጌዎች እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ሁለቱም ከብሪታንያ ሰንደቅ ዓላማ ጋር ባሕር ተሻገሩ፤ የሕንድ የፈንጂ አዋጅ የወጣው በ1884 ነው።

ደማሚት ለገበሬው

አሜሪካ በሌላ መንገድ ሄደች። ዱፖን የተባለው ኩባንያ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገበሬው ጉቶ እንዲነቅልበት፣ ቋጥኝ እንዲሰብርበት፣ ቦይ እንዲቀድበት ደማሚትን በቡክሌት ያስተዋውቅ ነበር። ገበሬው ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ሚስማርና ገመድ ሲገዛ ደማሚትም ጨምሮ ይገዛል። አንዳንድ ግዛቶች ሕግ ነበራቸው፤ አንዳንዶቹ አልነበራቸውም። የፌዴራሉ መንግሥት የተነሳው ጦርነት ሲመጣ ነው።

ጁላይ 30 ቀን 1916 ሌሊት ከኒውዮርክ ማዶ ብላክ ቶም በተባለው ወደብ ለአውሮፓ ጦርነት የሚላክ ብዙ ጥይትና ፈንጂ ተቃጥሎ ፈነዳ። ኋላ የጀርመን ሰላዮች ሥራ መሆኑ ታወቀ። አምሳ ቶን ቲኤንቲ የጫነች ጀልባ ግን እዚያ ወደብ ላይ ታስራ ያደረችው ለምን ነበር? በጊዜው የጀርሲ ሲቲ የሕዝብ ደኅንነት ኃላፊ የነበረው ፍራንክ ሄግ እንደተናገረው፣ 25 ዶላር የመጎተቻ ክፍያ ላለመክፈል ነው። ሰላዩ እሳቱን ለኮሰ፤ ፈንጂውን እዚያ ያሳደረችው ግን ሀያ አምስቷ ዶላር ናት። በ1917 ኮንግሬስ የፌዴራል የፈንጂ አዋጅን አወጣ፤ አምራች፣ ሻጭና ገዢ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጡ፣ ሥራውንም የማዕድን ቢሮ እንዲመራ ተደረገ። ጦርነቱ አለቀ፤ ቁጥጥሩም አብሮት አለቀ።

የዚያ ክፍተት ዋጋ በ1927 በሚሺጋን ክፍለ ሀገር ባዝ በምትባል የገጠር ከተማ ታየ። አንድሩ ኪሆ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ገንዘብ ያዥ ነበር፤ ገበሬም ነው። ለወራት በትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ፈንጂ ሲያከማች የጠረጠረው ሰው አልነበረም፤ ፈንጂ መግዛቱ ማንም ገበሬ የሚያደርገው ነገር ነበርና። ከተጠቀመባቸው አንዱ ፓይሮቶል ይባላል፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ፈንጂ ሲሆን መንግሥት ራሱ በእርሻ መሥሪያ ቤቱ በኩል ለገበሬው በርካሽ ያከፋፍለው ነበር። ሜይ 18 ቀን ጠዋት 38 ሕፃናት አለቁ፤ ኪሆን ሳይጨምር የሟቾቹ ጠቅላላ ቁጥር 44 ደረሰ። ይህም ሆኖ የሰላም ጊዜ የፌዴራል ፈቃድ ለመምጣት ከአርባ ዓመት በላይ ፈጀ። በ1941 አገሪቱ ጦርነት ስትገባ የ1917ቱ አዋጅ ተቀሰቀሰ፤ ሰላም ሲሆን እንደገና ተኛ።

የፌዴራሉ ቁጥጥር ዳግም የነቃው በ1970 ነው። ያ ዘመን የቦምብ ዘመን ነበር፤ በማርች ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤት ቦምብ ሲሠሩ የነበሩ ሦስት ወጣቶች በገዛ ፈንጂያቸው ሞቱ፤ በኦገስት ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፈነዳው ደግሞ አንድ የፊዚክስ ተመራማሪ ገደለ። በኦክቶበር ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት የተደራጀ ወንጀል መቆጣጠሪያ ሕግ አንድ ክፍሉ ስለ ፈንጂ ሆነ። የአልኮል፣ የትምባሆና የጦር መሣሪያ ጉዳዮችን የሚከታተለው፣ ኤቲኤፍ በሚለው አጠራር የሚታወቀው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሰጪ ሆነ። አምራች፣ አስመጪና ሻጭ አንድ ዓይነት ፈቃድ አላቸው፤ ተጠቃሚው ሌላ ዓይነት። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት፣ የተከሰሰ፣ ከፍትሕ የሸሸ፣ በሕግ የተከለከለ ዕፅ የሚጠቀም፣ እነዚህና የመሳሰሉት ፈንጂ እንዳይነኩ ተዘረዘሩ፤ ከሠራዊቱ በውርደት የተባረረና ከጥቂቶች በቀር የውጭ ዜጋ የተጨመሩት ግን በ2002 ነው። የመጨረሻዋን ነጥብ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ቢያስተውሏት ይበጃል፤ በድንጋይ ካባ ወይም በመንገድ ሥራ የተቀጠረ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ ዓይነት ፈንጂ መያዝ መቻል አለመቻሉን ይወስናል።

ከ1970 በኋላም አንድ ትልቅ ቀዳዳ ቀርቶ ነበር። በራሱ ግዛት ውስጥ ገዝቶ በራሱ ግዛት ውስጥ የሚጠቀም ሰው ፎርም ከመሙላት በቀር ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር። ይህ የተደፈነው ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በ2002 በወጣው ሕግ ነው፤ ከሜይ 2003 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ፈንጂ የሚቀበል ሰው የለም። ጉቶ ሊነቅል ለሚፈልገው ገበሬ በዓመት እስከ ስድስት ጊዜ ብቻ በግዛቱ ውስጥ መግዛት የሚያስችል አነስተኛ ፈቃድ ተበጀለት። የድርጅት ኃላፊዎች አሻራና ፎቶግራፍ ይሰጣሉ፤ ፈንጂ የሚነኩ ሠራተኞች ታሪካቸው ይጣራል።

ሁለት ቁልፍ፣ ብዙ ሜትር

ፈቃዱ ተገኘ እንበል። ፈንጂው የት ይደር?

የአሜሪካው ደንብ አምስት ዓይነት ማከማቻ ያውቃል። አንደኛው ቋሚ ሕንፃ ነው፤ ጥይት የማይበሳው፣ አየር የሚዘዋወርበት፣ በሩ ሩብ ኢንች ውፍረት ካለው ብረት ተሠርቶ ከውስጥ ሁለት ኢንች ጠንካራ እንጨት የለበሰ። በሩ ላይ አንድ ቁልፍ አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል፤ ተንጠልጣይ ቁልፍ ከሆነም መቁረጫ እንዳይደርስበት የብረት ቆብ ይደፋበታል። ውስጡ ብልጭታ የሚያወጣ ብረት አይታይበትም። በዙሪያው 25 ጫማ ድረስ ደረቅ ሣርና ቁጥቋጦ ይመነጠራል። ዋናውን ፈንጂ የሚያስነሳው ዲቶኔተር ከሱ ጋር በአንድ ቤት አያድርም፤ ይህ ደንብ ብቻውን ስንት ነፍስ እንዳተረፈ ማን ያውቃል። ከአምስቱ ሦስተኛው ዓይነት የቀን ሣጥን ነው፤ ድንጋይ የሚያፈነዳው ባለሙያ ለዕለቱ የሚበቃውን ይዞበት ይወጣል። ሰው አጠገቡ እስካለ ድረስ ሕጋዊ ነው፤ ሰው ሲለየው ግን ፈንጂው ወደ ዋናው መጋዘን መመለስ አለበት። በዝናብና በድካም የዕለቱ ሥራ ሲቋረጥ የሚፈተነው ይህ ደንብ ነው።

መጋዘኑ ቢያንስ በየሰባት ቀኑ ይታያል። የሚገርመው፣ ይህ ጉብኝት ቆጠራ እንዲሆን ደንቡ አያስገድድም፤ ማንም ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ የሚበቃ ከሆነ ይበቃል። ሙሉው ቆጠራ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። እኔ ለዚህ ጉዳይ ዓመት ረዘም ይልብኛል፤ መዝገቡ ግን በየዕለቱ ይሞላል፤ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው።

ከዚያ ርቀቱ ይመጣል። የርቀት ሠንጠረዡን በ1910 ያወጡት የአሜሪካ ፈንጂ አምራቾች ራሳቸው ናቸው፤ የተሠራውም እውነተኛ ፍንዳታዎችን መዝግቦ፣ የቱ ቤት ከምን ያህል ርቀት ላይ እንደተጎዳ በመለካት ነው። ከእያንዳንዱ ረድፍ ጀርባ የፈረሰ ቤት አለ ማለት ነው። ለምሳሌ አንድ ሺህ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ኪሎ ገደማ ፈንጂ ያለበት መጋዘን፣ ሰው ከሚኖርበት ቤት 400 ጫማ ወይም 120 ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ይህም መጋዘኑ በአፈር ክምር ወይም በኮረብታ ከተከለለ ነው፤ ካልተከለለ ርቀቱ በእጥፍ ያድጋል። የፍንዳታ ኃይል በሁሉም አቅጣጫ ስለሚሰራጭ ርቀቱ ከመጠኑ ጋር እኩል አያድግም፤ ፈንጂው ስምንት እጥፍ ሲሆን የሚፈለገው ርቀት ወደ ሁለት እጥፍ ብቻ ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ትልቅ መጋዘን ወይስ ራቅ ራቅ ያሉ ብዙ ትንንሽ መጋዘኖች የሚለው የመሬት ዋጋና የስሌት ጉዳይ ይሆናል።

ወረቀት ላይ ያለ ርቀት የሚጠቅመው ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ፈንጂ መጋዘኑ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ሲሆን ነው። ሆላንድ ውስጥ ኤንስኬዴ በምትባል ከተማ አንድ የርችት ድርጅት በመኖሪያ ሰፈር መካከል ፈቃድ ነበረው። ፈቃዱ የተሰጠው በአብዛኛው ደካማ ለሚባለው የርችት ክፍል ነው። ሜይ 13 ቀን 2000፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እሳት ተነሳ፤ ሲፈነዳ የታየው ኃይል ግን የደካማ ርችት አልነበረም። 23 ሰዎች ሞቱ፤ አራቱ እሳት ሊያጠፉ የመጡ ነበሩ። ሩምቤክ የተባለው ሰፈር ጠፋ። ምርመራው እንዳሳየው ውስጥ የነበረው ርችት መለያው ከሚለው የበረታ ነበር፤ ድርጅቱ ያለ ፈቃድ የጨመራቸው የብረት ኮንቴይነሮችም ኋላ በፈቃድ ማሻሻያ ሕጋዊ ተደርገው ነበር። እዚህ ላይ ፈቃድ ሰጪው ሥራውን ገልብጦ ሠርቷል፤ ሰውየው ያደረገውን አይቶ ወረቀቱን አስተካከለለት። ሆላንድ ከዚያ በኋላ ባወጣችው ደንብ ለትልልቅ የባለሙያ ርችት ክምችቶች ከመኖሪያ ቤት እስከ 800 ሜትር ርቀት ጠየቀች፤ ይህም ማለት ከአብዛኛው ከተማ ውጭ ማለት ነው።

የሲቪል ፈቃድ ሕግ በአብዛኛው አገር የማይነካው አንድ ክምችት አለ፤ የሠራዊቱ። አዲስ አበባ ይህን ታውቀዋለች። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ ከተማዋን በያዘ በሳምንቱ፣ ነፋስ ስልክ አካባቢ የነበረ የጥይት መጋዘን ተቃጥሎ እየደጋገመ ፈነዳ። የ1977 ዓ.ም. ረሃብን ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን ሊቀርጽ ሄዶ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ። የሰፈሩ ሰዎች ያለቁት በቤታቸው ነው። ከዚያ መጋዘን ጎን ቤት ሲሠራ ርቀቱን የለካ፣ የጎረቤትን አቤቱታ የሰማ ሸንጎ አልነበረም።

መዝገቡ

የመንግሥት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ሞዴል 19ና ሞዴል 22 የሌለው ዕቃ እንዴት እንደሚያስለቅስ ያውቃል። ፈንጂም ገቢና ወጪው በወረቀት የሚሄድ ዕቃ ነው። የጎደለ ሲኖር በአሜሪካ ሕግ ባለፈቃዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኤቲኤፍና ለአካባቢው ፖሊስ ማስታወቅ አለበት። ስርቆት የሚበዛው ከፋብሪካ አይደለም፤ ሰው ከማይኖርበት፣ ቅዳሜና እሑድ ጸጥ ከሚለው የድንጋይ ካባና የማዕድን ማውጫ ነው። በ1994 መኸር ካንሳስ ውስጥ ማሪየን አጠገብ ካለ የድንጋይ ካባ መጋዘን ቁልፉ በመሰርሰሪያ ተበስቶ ፈንጂና ዲቶኔተር ተሰረቀ። ስርቆቱ የተገናኘው በሚቀጥለው ዓመት ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ 168 ሰዎች ከገደለው ፍንዳታ ጋር ነው።

ማድሪድ ላይ የሆነው ደግሞ የቁልፍ ሳይሆን የቆጠራ ጉዳይ ነው። ማርች 11 ቀን 2004 በባቡሮች ላይ ከ190 በላይ ሰዎች የገደለው ደማሚት የመጣው ከአስቱሪያስ፣ ኮንቺታ ከሚባል ማዕድን ማውጫ ነው። አንድ የቀድሞ ማዕድን ቆፋሪ ለአጥቂዎቹ አሳልፎ እንደሰጠ ፍርድ ቤቱ አረጋግጧል። ማዕድን ማውጫው ፈቃድ ነበረው። ተተኮሰ ተብሎ የተጻፈው በእርግጥ መተኮሱን ግን ማንም አላመሳከረም። አንድ ቋጥኝ አሥር ደማሚት ይብላ አሥራ ሁለት፣ ከተፈነዳ በኋላ ድንጋዩን አይቶ መለየት አይቻልም፤ የዚህ ሥራ ክፉ ጠባይ ይህ ነው፤ የዋለውና የተሰረቀው ሁለቱም የሉም። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዱ የፈንጂ ጥቅል፣ እያንዳንዱ ዲቶኔተር የራሱ ልዩ መለያ ቁጥር እንዲኖረው፣ ከፋብሪካ እስከ መጨረሻው ተጠቃሚ ድረስ እንዲመዘገብ፣ መዝገቡም አሥር ዓመት እንዲቆይ አደረገ። ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በ2015 ነው። ቁጥሩ ስርቆትን አያስቀርም፤ የተገኘው ፈንጂ ከማን እጅ እንደወጣ ግን በሰዓታት ውስጥ ይናገራል።

ዝርዝሩ ላይ የሌለው

እስካሁን ያየነው ሁሉ የሚሠራው ሕጉ ፈንጂ ብሎ በዘረዘረው ነገር ላይ ነው። አሞኒየም ናይትሬት በብዙ አገር በመጀመሪያ ማዳበሪያ ነው፤ ገበሬ የሚበትነው፣ በጆንያ የሚሸጥ። ብቻውን በዝምታ ይቀመጣል፤ በእሳት ውስጥ፣ በብዛት፣ ከማይገባው ነገር ጋር ሲሆን ግን ከተማ ያፈርሳል።

ቤሩት ወደብ ላይ 2,750 ቶን ነበር። ሮሱስ የተባለች አሮጌ መርከብ ከጆርጂያ ጭና ሞዛምቢክ ውስጥ ወዳለ የፈንጂ ፋብሪካ ልታደርሰው ስትሄድ በ2013 ቤሩት ገባች፤ ለጉዞ ብቁ አይደለችም ተብላ ታገደች፤ ባለቤቱም ትቷት ሄደ። ጭነቱ በ2014 ወደ 12 ቁጥር መጋዘን ተራገፈ። የጉምሩክ ሹሞች ምን እናድርገው እያሉ ለዳኛ ደጋግመው ጻፉ። ኦገስት 4 ቀን 2020 መጋዘኑ ተቃጠለና ፈነዳ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ያሉባት ከተማ ናት፤ ከፍንዳታው ሁለት ወር ቀደም ብሎ አሠሪዎቻቸው አምጥተው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ የጣሏቸው ነበሩባት። ስለዚህ አደጋ ብዙ ጊዜ ስለ ሙስና ይወራል። ከፈቃድ ሕግ አንፃር ስመለከተው ግን ጎልቶ የሚታየኝ ባለፈቃድ አለመኖሩ ነው። መርከቧ ለማራገፍ አላመጣችውም፤ ወደቡም አልገዛውም። በየሰባት ቀኑ ሄዶ የማየት ግዴታ የነበረበት፣ ካልሄደ ፈቃዱን የሚያጣ አንድም ሰው አልነበረም። ርችትም እዚያው ግቢ ተከማችቶ ነበር፤ ማን ከማን አጠገብ ይደር ብሎ የጠየቀ አልነበረምና።

ይህን የደሃ አገር ወይም የተሰነጠቀ መንግሥት ችግር አድርጎ ማለፍ ይቀላል። ኤፕሪል 17 ቀን 2013 ቴክሳስ ውስጥ ዌስት በምትባል ትንሽ ከተማ የማዳበሪያ መደብር ተቃጥሎ ወደ 30 ቶን የሚሆን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ፤ 15 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ እሳቱን ሊያጠፉ የሄዱ ናቸው። ማዳበሪያው ያደረው በእንጨት ሕንፃ፣ በእንጨት ክፍልፋይ ውስጥ ነበር፤ ውሃ የሚረጭ የእሳት መከላከያ አልነበረውም። አጠገቡ ትምህርት ቤት፣ የአረጋውያን መጦሪያና የመኖሪያ ሕንፃ ነበሩ። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የጎበኘው በ1985 ነው። እዚያው ቦታ አንድ ሣጥን ደማሚት ቢኖር ኖሮ ፈቃድ፣ ሁለት ቁልፍ፣ የርቀት ሠንጠረዥና ሳምንታዊ ጉብኝት ይጠየቅበት ነበር። ማዳበሪያው በብዙ ቶን ቆሞ ከዚህ አንዱም አልተጠየቀበትም።

ኮንግሬስ የአሞኒየም ናይትሬት ሻጭና ገዢ እንዲመዘገቡ የሚያዝ ሕግ ያወጣው ከዌስት አምስት ዓመት በፊት፣ በ2007 መጨረሻ ነው። ማስፈጸሚያውን የማውጣት ኃላፊነት ለአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ተሰጠ። መሥሪያ ቤቱ በ2011 ረቂቅ ደንብ አውጥቶ አስተያየት ሰበሰበ። የማዳበሪያ ሻጮች ወጪው ከበደን አሉ፤ የገበሬ ማኅበራት ወረፋው አታከተን አሉ፤ ዌስት ፈነዳች፤ ቤሩት ፈነዳች፤ ረቂቁ ወደ ጸና ደንብ ሳይለወጥ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ።